ሮበርት ፓር፤ የአንድ የኬሚስትሪ ቴዎሪ ሊቅ የምርምር ታሪክና የጽሑፎቻቸው መጠቀስ

በ2014 ዓ.ም. ኔቸር የተባለው የእንግሊዝ የሳይንስ መጽሔት ከዓለም የሳይንስ ጽሑፎች መካከል በሌሎች ጸሐፊዎች ዘንድ ብዙ ጊዜ የተጠቀሱትን መቶ ጽሑፎች በዝርዝር አውጥቶ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።) በዝርዝሩ ራስ ላይ የተገኘው በ1951 ዓ.ም. ኦሊቨር ላውሪና ጓደኞቻቸው ስለ ፕሮቲን አለካክ የጻፉት ሲሆን፥ የተጠቀሰውም ከ305 ሺህ ጊዜ በላይ ነው። በሰባተኛው ተራ ላይ ያለው ግን አምስት ገጽ ብቻ የሆነ፥ ከዳር እስከ ዳር ሒሳብ የሞላበት፥ ለኬሚስትሪ ተማሪ እንኳ ለማንበብ የሚያስቸግር ጽሑፍ ነው። ጸሐፊዎቹ ቸንግተ ሊ፥ ዌይታኦ ያንግና ሮበርት ፓር ይባላሉ፤ የወጣው በ1988 ዓ.ም. ነው፤ የተጠቀሰበትም ቁጥር 46,702 ነበር።

ከሦስቱ አንጋፋውና የሁለቱ መምህር ፕሮፌሰር ሮበርት ፓር ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እኒህ ሊቅ ወደዚያ አምስት ገጽ በምን መንገድ እንደ ደረሱ ማሳየትና፥ ከዚያም የጥቅሱ ቁጥር የሥራቸውን ክብደት በእርግጥ ይመዝን እንደ ሆነ መመርመር ነው። ነገሩ ለእኛ ለተማሪዎች የሩቅ ወሬ አይደለም። በዛሬው ዘመን በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች መምህር ሲሾም፥ የምርምር ገንዘብ ሲታደል፥ «ስንት ጊዜ ተጠቅሷል?» የሚለው ጥያቄ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆኗል። ስለዚህ መስፈሪያው ምን እንደሚሰፍርና ምን እንደሚያፈስስ ማወቅ ይገባናል።

ፓር በ1921 ዓ.ም. በቺካጎ ከተማ ተወለዱ። ትምህርታቸውን በሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ ተከታትለው በ1947 ዓ.ም. በፊዚካል ኬሚስትሪ የዶክተርነት ማዕረግ ከተቀበሉ በኋላ፥ በ1948 ዓ.ም. በፒትስበርግ ከተማ ወደሚገኘው ወደ ካርኔጊ የቴክኖሎጂ ተቋም ሄደው ማስተማር ጀመሩ። በዚያም እስከ 1962 ዓ.ም. ቆይተዋል።

በዚያ ጊዜ የኬሚስትሪ ቴዎሪ ምን ይመስል እንደ ነበር ካልተገለጠ የሥራቸው ትርጉም አይታወቅም። ሽሮዲንገር በ1926 ዓ.ም. ኤሌክትሮኖች የሚገዙበትን የሒሳብ ሕግ አውጥተው ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ዲራክ የተባሉት እንግሊዛዊ የፊዚክስ ሊቅ የኬሚስትሪ ሕግ በሙሉ በመሠረቱ ታውቋል፥ የቀረው ችግር የሒሳቡ መክበድ ብቻ ነው ብለው ጻፉ። «ብቻ» የምትለው ቃል ግን የብዙ ሰዎችን ዕድሜ የበላች ቃል ናት። ለምሳሌ የቤንዚንን ሞለኪውል እንውሰድ፤ ለመኪና የምንቀዳውን ቤንዚን ማለቴ ሳይሆን ስድስት ካርቦንና ስድስት ሃይድሮጅን ያለበትን የኬሚስቶች ቤንዚን ማለቴ ነው። በውስጡ 42 ኤሌክትሮኖች አሉ። የእያንዳንዱ ኤሌክትሮን ቦታ በሦስት ቁጥሮች ስለሚነገር፥ የሞለኪውሉ ሒሳብ በ126 ተለዋዋጭ ቁጥሮች የሚሠራ ይሆናል። እያንዳንዱም ኤሌክትሮን ሌሎቹን ሁሉ ስለሚገፋ አንዱን ከአንዱ ነጥሎ ማስላት አይቻልም። ይህን በወረቀትና በጠረጴዛ ላይ የሒሳብ መኪና የሚሞክር ሰው ከየት ይጀምራል?

ፓር በ1950 ዓ.ም. ከክሬግና ከሮስ ጋር ሆነው ስለዚሁ ስለ ቤንዚን አንድ ጽሑፍ አሳተሙ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «አብ ኢኒሲዮ» የሚል የላቲን ሐረግ ይገኛል። በግዕዝ «እምጥንቱ» ብንለው ያስኬዳል፤ ይኸውም ከሙከራ ቤት የተገኘ ቁጥር ሳይበደሩ ከመጀመሪያው ሕግ ተነሥቶ ማስላት ነው። ሐረጉ በዚህ የትምህርት ዘርፍ ሲገባ የመጀመሪያው ጊዜ ይህ እንደ ሆነ ይነገራል። ዛሬ በዓለም ላይ በየዓመቱ በሺህ የሚቆጠሩ ጽሑፎች «አብ ኢኒሲዮ» የሚለውን ቃል በርእሳቸው ላይ ሲያኖሩ፥ ቃሉን ወደዚህ ቤት ያስገቡትን ሦስት ሰዎች የሚያነሣ የለም ማለት ይቻላል። ቃሉ የሁሉም ሀብት ሆኗልና። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በሚቀጥለው ዓመት በመስከረም ወር፥ ፓርና የቺካጎው ሊቅ ሮበርት ሙሊከን በኒውዮርክ አጠገብ በምትገኘው በሼልተር አይላንድ ደሴት ላይ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ጥቂት የዘርፉ ሰዎችን ሰበሰቡ። የጉባኤው ትልቁ ጭንቀት ኢንተግራል የሚባሉት አስቸጋሪ ስሌቶች ነበሩ። በየአገሩ እያንዳንዱ ያንኑ ስሌት እየደገመ ጊዜውን ከሚያጠፋ ይልቅ ሥራውን ተካፍሎ መሥራት እንደሚሻል ተነጋገሩበት። ከዚህ ጉባኤ በኋላ የተበታተኑት ሰዎች እንደ አንድ ማኅበር መሥራት ጀመሩ ለማለት ይቻላል። እንዲህ ያለው ድካም ግን በጥቅስ ቁጥር አይገባም።

ፓር በስም የታወቁበት የመጀመሪያው ሥራ በ1953 ዓ.ም. የወጣው ነው። ዱፖንት በተባለው የኬሚካል ኩባንያ ይሠሩ ከነበሩት ከሩዶልፍ ፓሪሰር ጋር ሆነው፥ ቀለም ያላቸውን የካርቦን ውሕዶች ብርሃን እንዴት እንደሚውጡ በሒሳብ የሚናገሩበትን ዘዴ አወጡ። ዘዴው ድፍረት ነበረበት። ከቤንዚን 42 ኤሌክትሮኖች ስድስቱን ብቻ ያዙ፤ ከኢንተግራሎቹም አብዛኞቹን ዜሮ ናቸው ብለው ጣሏቸው፤ የቀሩትንም ከሙከራ በተገኘ ቁጥር አስተካከሏቸው። ከሦስት ዓመት በፊት «እምጥንቱ» ብለው የተነሡት ሰው አሁን ከሙከራ ቤት ቁጥር መበደራቸውን አንዳንዱ እንደ ማፈግፈግ ይቆጥረው ይሆናል። እኔ ግን እንደ ብልኅነት እቆጥረዋለሁ፤ በ1953 ዓ.ም. የነበረው የማስሊያ መሣሪያ ከዚህ የበለጠ አይፈቅድም ነበር፤ የቀለም ፋብሪካም መልስ ይፈልግ ነበር።

በዚያው ዓመት ጆን ፖፕል የተባሉ ወጣት እንግሊዛዊ በኬምብሪጅ ሆነው በሌላ መንገድ ወደዚያው ዘዴ ደረሱ። ስለዚህ ዘዴው በሦስቱ ስም የፓሪሰር፥ የፓርና የፖፕል ዘዴ ተብሎ ቀረ። የሁለቱ ሰዎች ታሪክ ከዚያም በኋላ እንደ ድርና ማግ ይጠላለፋል። ፓር ፒትስበርግን በ1962 ዓ.ም. ለቀው በባልቲሞር ወደሚገኘው ወደ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ሲሄዱ፥ ፖፕል በ1964 ዓ.ም. ከእንግሊዝ አገር ተነሥተው ወደዚያው ወደ ካርኔጊ መጡ። በዚያም ጋውሲያን 70 የተባለውን የኮምፒዩተር ፕሮግራም ከተማሪዎቻቸው ጋር አዘጋጁ። ይህ ፕሮግራም ከጊዜ በኋላ ለፓር የጥቅስ ቁጥር ምን እንዳደረገ ቀጥለን እናያለን።

በ1963 ዓ.ም. ፓር ስለ ሞለኪውሎች የኤሌክትሮን አቋም የኳንተም ቴዎሪ አንድ መጽሐፍ አሳተሙ። መጽሐፉ የቆመው በሽሮዲንገር የሞገድ ፈንክሽን ላይ ነው። መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ ዋልተር ኮንና ፒየር ሆኸንበርግ የተባሉ ሁለት የፊዚክስ ሰዎች ከዚያ የተለየ በር ከፈቱ። ያረጋገጡት ነገር እንዲህ ነው፤ አንድ ሞለኪውል በዝቅተኛ ኃይሉ ላይ ሲሆን፥ ኤሌክትሮኖቹ በየቦታው ምን ያህል ታፍገው እንደሚገኙ ከታወቀ፥ የሞለኪውሉ ኃይል በዚያ ተወስኗል። ይህም «የኤሌክትሮን እፍግታ» የሚባለው ነገር ኤሌክትሮኖቹ ቢበዙም ቢያንሱም በሦስት ተለዋዋጭ ቁጥሮች ይነገራል። ለቤንዚን 126 የነበረው ሦስት ሆነ ማለት ነው! በ1965 ዓ.ም. ደግሞ ኮንና ሉ ሻም ይህን ወደ ስሌት የሚያደርስ መንገድ አሳዩ። እርግጥ ሐሳቡ ፈጽሞ አዲስ አልነበረም፤ ቶማስና ፌርሚ በ1927 ዓ.ም. ገና በጥሬው ሞክረውት ነበር። ኮን ግን ማስረጃ ሰጡት።

ሆኖም በሩ ተከፈተ እንጂ ቤቱ ባዶ ነበር። እፍግታው ኃይሉን ይወስናል ተባለ፤ በየትኛው ቀመር እንደሚወስን ግን የሚያውቅ አልነበረም። የፊዚክስ ሰዎች ለጠጣር ነገሮች የሚበቃ ግምታዊ ቀመር ይዘው ደስ ብሏቸው ሲሠሩ፥ ያው ቀመር በሞለኪውል ላይ ሲሞከር አቶሞቹን ከሚገባው በላይ አጥብቆ ያስራቸው ነበር። ስለዚህ ብዙዎቹ የኬሚስትሪ ቴዎሪ ሰዎች ነገሩን በጥርጣሬ ተመለከቱት። በዚህ ጊዜ ነው እንግዲህ ፓር መንገዳቸውን የለወጡት። በ1973 ዓ.ም. የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነው ተመርጠው ነበር፤ በ1974 ዓ.ም. ወደ ሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ወደ ቻፕል ሂል ሄዱ። ዕድሜያቸው ከኀምሳ አልፏል፤ ስምም አላቸው፤ በቀድሞው መንገድ የጻፉት የመማሪያ መጽሐፍ አላቸው። እንዲህ ያለ ሰው ብዙውን ጊዜ ያለውን ይጠብቃል። እሳቸው ግን ባልደረቦቻቸው ወደሚጠራጠሩት ትምህርት ገቡ።

ከዚያ የወጣው የመጀመሪያው ትልቅ ፍሬ፥ በእኔ አስተያየት ከሥራቸው ሁሉ ውብ የሆነው፥ በ1978 ዓ.ም. ከሦስት ጓደኞቻቸው ጋር ያሳተሙት ነው። ኬሚስቶች ከሊነስ ፖሊንግ ዘመን ጀምሮ አንዱ አቶም ኤሌክትሮንን ወደ ራሱ የመሳብ ዝንባሌውን ኤሌክትሮኔጋቲቪቲ እያሉ ይጠሩታል። ፖሊንግ በ1932 ዓ.ም. ቁጥር ሰጡት፤ ሙሊከን በ1934 ዓ.ም. ሌላ ቀመር ሰጡት፤ ሁላችንም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፍሎሪን ከሁሉ እንደሚበልጥ በቃላችን ይዘነዋል። ነገሩ ግን በመሠረቱ ምን እንደ ሆነ ጠርቶ አልታወቀም ነበር። ፓርና ጓደኞቻቸው በእፍግታ ቴዎሪ ውስጥ ኬሚካል ፖቴንሻል የሚባለው መጠን በተቃራኒ ምልክት ሲጻፍ ይኸው አሮጌው ኤሌክትሮኔጋቲቪቲ መሆኑን አሳዩ። ውሃ ከከፍታ ወደ ዝቅታ ወርዶ በአንድ ልክ እስኪቆም እንደሚፈስስ፥ ሁለት አቶሞች ሲገናኙም ኤሌክትሮን ኤሌክትሮኔጋቲቪቲው ካነሰው ወደ በለጠው ሄዶ እኩል እስኪሆኑ ይፈስሳል። በ1983 ዓ.ም. ደግሞ ከራልፍ ፒርሰን ጋር ሆነው፥ ፒርሰን ከሃያ ዓመት በፊት «ጠንካራና ለስላሳ» ብለው የከፈሏቸውን አሲዶችና ቤዞች የሚለይ ጥንካሬን በቁጥር ተረጎሙት። በ1984 ዓ.ም. ከተማሪያቸው ከቻይናዊው ከዌይታኦ ያንግ ጋር በሞለኪውል ውስጥ የትኛው ስፍራ ለአጸግብሮት የተዘጋጀ እንደ ሆነ የሚያመለክተውን ፈንክሽን አገኙ። ኬሚስቶች በእጅ ልማድና በአፍ ወግ ሲቀባበሏቸው የኖሩት ቃላት በዚህ መንገድ አንድ በአንድ ትርጉም አገኙ። በ1989 ዓ.ም. ፓርና ያንግ ይህን ሁሉ በአንድ መጽሐፍ አጠቃለሉት፤ መጽሐፉም ለትምህርቱ ዋና መማሪያ ሆነ።

አሁን ወደ አምስቱ ገጽ እንምጣ። በ1975 ዓ.ም. ኮሌና ሳልቬቲ የተባሉ ኢጣሊያውያን ኤሌክትሮኖች እርስ በርሳቸው በመሸሻቸው ምክንያት የሚቀነሰውን ጥቂት ኃይል የሚሰጥ ቀመር አውጥተው ነበር። ቁጥሮቹን ያስተካከሉት ሁለት ኤሌክትሮን ብቻ ባለው በሂሊየም አቶም ላይ ነው። ሊ፥ ያንግና ፓር በ1988 ዓ.ም. ያደረጉት ይህን ቀመር እፍግታን ብቻ ወደሚጠይቅ ቀመር መለወጥ ነው። ሥራው የተዋጣለትና የጠራ ነው፤ ነገር ግን አዲስ ሕግ አልተገኘበትም፤ ጸሐፊዎቹም በርእሱ ላይ የኢጣሊያውያኑን ስም አስቀድመው የእነርሱን ቀመር እንዳሳደጉ በግልጽ ተናግረዋል። ታዲያ ከ1978ቱ ሐሳብ ይልቅ ይህ ለምን ዓለምን ሞላ?

መልሱ ያለው ከጽሑፉ ውጭ ነው። በዚያው በ1988 ዓ.ም. አክሰል ቤኬ የተባሉት በካናዳ የሚኖሩ ሊቅ ለሌላው የኃይል ክፍል፥ «ልውውጥ» ለሚባለው፥ ጥሩ ቀመር አወጡ። ፖፕልና ባልደረቦቻቸው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ የሁለቱን ቀመሮች ጋብቻ በብዙ ትንንሽ ሞለኪውሎች ላይ ፈትነው ውጤቱ መልካም መሆኑን መሰከሩ። በ1993 ዓ.ም. ቤኬ በሦስት ቁጥሮች የሚመዘን ድብልቅ ቀመር አሳተሙ። በ1994 ዓ.ም. ደግሞ ስቲቨንስና ሌሎች ሦስት ሰዎች በዚህ ድብልቅ ውስጥ የፓርን ቤት ቀመር አገቡበት። ይኸው «ቢ ስሪ ኤል ዋይ ፒ» የሚባለው ዘዴ ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ፊደላት ሊን፥ ያንግንና ፓርን ያመለክታሉ። በጋውሲያን ፕሮግራም ውስጥ ከገባ በኋላ፥ ሒሳቡን የማያውቅ የሙከራ ቤት ኬሚስት እንኳ እነዚያን ፊደላት በአንድ መስመር ጽፎ ማሽኑን ቢያሠራ የሞለኪውሉን ቅርጽና ኃይል ያገኛል። ጽሑፉን ሲያሳትም ሁለት ጥቅስ ያስገባል፤ አንዱ የቤኬ የ1993ቱ፥ ሁለተኛው የ1988ቱ አምስት ገጽ።

ኔቸር ባወጣው ዝርዝር ላይ በስምንተኛው ተራ የሚገኘው ይኸው የቤኬ ጽሑፍ ሲሆን ቁጥሩ 46,145 ነው። በሰባተኛውና በስምንተኛው መካከል ያለው ልዩነት 557 ብቻ ነው። ሁለቱ እንደ መንታ ልጆች ተያይዘው መሄዳቸውን ለማየት ከዚህ ሌላ ምስክር አያሻም። የሚያስገርመው ግን በ1993ቱ የቤኬ ጽሑፍ ውስጥ የፓር ቀመር አለመኖሩ ነው፤ ቤኬ በዚያ የተጠቀሙት በሌላ ቀመር ነበር። ሁለቱን ያጋቧቸው የ1994ቱ ጸሐፊዎች ናቸው፤ በሰርጉ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚጠራው ሙሽሮቹን ነው።

በአጭሩ ስለ መስፈሪያው ራሱ እንናገር። ዩጂን ጋርፊልድ በፊላዴልፊያ ከተማ በ1964 ዓ.ም. የሳይንስ ጥቅሶች ማውጫን ሲያወጡ፥ የማውጫው ዋና ጥቅም አንድ ተመራማሪ ከአንድ የቆየ ጽሑፍ ተነሥቶ በእርሱ ላይ የተጨመረውን አዲስ ሥራ ለማግኘት እንዲችል ነበር። መፈለጊያ መሣሪያው ቀስ በቀስ የሰው መመዘኛ ሆነ። በ2005 ዓ.ም. ጆርጅ ሂርሽ የተባሉት የፊዚክስ ሰው አንድን ተመራማሪ በአንድ ቁጥር የሚገልጽ ስሌት እስከማውጣት ደርሰዋል፤ ቢያንስ ሃያ ሃያ ጊዜ የተጠቀሱ ሃያ ጽሑፎች ያሉት ሰው ቁጥሩ ሃያ ነው ይባላል። ቀላል ነው፤ ለአስተዳደር ሰዎችም ይመቻል።

ግን የፓርን ታሪክ በዚህ ሚዛን ላይ ብናኖረው ምን እናያለን? ሰዎች የሚጠቅሱት በእጃቸው የያዙትን መሣሪያ ነው። አናጢ መጥረቢያውን ከማን እንደ ተዋሰ ይናገራል፤ እንጨት በስለት እንደሚቆረጥ መጀመሪያ ያወቀውን ግን አያነሣም። የእፍግታ ቴዎሪ መሠረት የሆኑት የኮን ሁለት ጽሑፎች በዚያው በኔቸር ዝርዝር የሚገኙት ከ30ኛው ተራ ወዲያ ነው፤ ከእነርሱ የተወለዱት ሁለት ቀመሮች ግን ከመጀመሪያዎቹ አሥር ውስጥ ናቸው። ከመቶው ጽሑፎች መካከል አሥራ ሁለቱ ይህንኑ ቴዎሪ የሚመለከቱ መሆናቸው ደግሞ የዘርፉን ስፋት በእርግጥ ያሳያል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ሐሰት ነው አልልም። ቁጥሩ የሚናገረው አንድ ነገር ምን ያህል ሰው እንደሚገለገልበት ነው። «አብ ኢኒሲዮ» እንደሚለው ቃል ያለ፥ በሁሉም አፍ የገባ ነገር ግን ጥቅስ አይጠየቅበትም። ኤሌክትሮኔጋቲቪቲም የኬሚካል ፖቴንሻል ሌላ ስም መሆኑ ወደ መማሪያ መጻሕፍት በገባ መጠን የ1978ቱን ጽሑፍ መጥቀስ አስፈላጊ መስሎ የማይታየው ጸሐፊ ይበዛል። ሮበርት መርተን የተባሉት የሶሲዮሎጂ ሊቅ ይህን ሁኔታ አስተውለው፥ አንድ ሐሳብ ፈጽሞ ሲዋሐድ የባለቤቱ ስም እንደሚደመሰስ ጽፈዋል። ከፍተኛው ስኬት በማውጫው ላይ እንደ ዝምታ ይታያል ማለት ነው።

ሽልማትም ቢሆን ሌላ ሚዛን እንጂ የተሻለ ሚዛን አይመስለኝም። በ1998 ዓ.ም. የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ለኮንና ለፖፕል ተሰጠ፤ ለኮን ስለ እፍግታ ቴዎሪ፥ ለፖፕል ስለ ስሌት ዘዴዎቻቸው። ሽልማቱ እስከ ሦስት ሰው ሊካፈል ሲችል ለሁለት ብቻ ተከፈለ። የፊዚክስ ሰው የሆኑትን የኮንን ቴዎሪ ወስደው ከኬሚስቶች ቋንቋ ጋር ያስታረቁት ሰው በሦስተኛው ስፍራ ላይ ቢቀመጡ ይገባቸው ነበር ብዬ አምናለሁ። ኮሚቴው የራሱ ምክንያት ይኖረዋል፤ እኔ ግን የ1978ቱንና የ1983ቱን ጽሑፎች ያነበበ ተማሪ ከዚህ የተለየ ፍርድ ሊሰጥ እንዴት እንደሚችል አይታየኝም። በ2004 ዓ.ም. የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ የኬሚካል ሳይንስ ሽልማቱን ሰጥቷቸዋል።

የዕድሜያቸውን ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልወድም። የ1978ቱ ጽሑፍ በወጣ ጊዜ ዕድሜያቸው ወደ 57 ይጠጋ ነበር፤ አምስቱ ገጽ ሲወጣ 66 ነበሩ። በ1999 ዓ.ም.፥ በ77 ዓመታቸው፥ ከሁለት ሰዎች ጋር ሆነው አንድ ሞለኪውል ኤሌክትሮን የመቀበል ኃይሉን በአንድ ቁጥር የሚገልጽ መለኪያ አወጡ፤ ይህም ጽሑፍ በኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ሰዎች ዘንድ እጅግ ከሚጠቀሱት አንዱ ሆነ። ቀመሩ አጭር ነው፤ የኤሌክትሮኔጋቲቪቲው ካሬ በጥንካሬው እጥፍ ሲካፈል ነው። ሁለቱም ምልክቶች ከ1978ና ከ1983 ዓ.ም. ጽሑፎች የመጡ ናቸው። ፓር በመጋቢት ወር 2017 ዓ.ም. በ95 ዓመታቸው ሞቱ። በብራስልስና በሌሎች ከተሞች ያሉ ሊቃውንት የእፍግታ ቴዎሪን ለሐሳብ መግለጫነት የሚጠቀመውን የትምህርቱን ክፍል ዛሬም ይዘውት ይገኛሉ።